“ይበል” ያሉት የኔታ፦ በአንጎል ዕጢ ውስጥ የተገኙ የመከላከያ ሴሎች ያሳሳቱን አንድ ጉዳይ

መነሻ

ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተትም ጭምር ነው። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ያከምኳቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን፣ ደብራቸውንና የታከሙባቸውን ሆስፒታሎች አልጠቅስም። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል። “የኔታ” እያልኩ እቀጥላለሁ። ዋርድ ውስጥም ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሜዲካል ዳይሬክተሩ የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር።

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። የኔታ አንጎል ውስጥ ዕጢ ታየ። ተከፍቶ ናሙና ተወሰደ። ናሙናው ውስጥ የተገኙት ግን በሽታን ይዋጋሉ የምንላቸው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ብቻ ነበሩ። ካንሰር የሚባል ሴል አልታየም። ከመጀመሪያው ሲቲ ስካን እስከ ትክክለኛው የበሽታው ስም አራት ወር ፈጀብን። ካንሰሩን ከናሙናው ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ሳላውቀው።

መጀመሪያ ያወቁት ተማሪዎቹ ናቸው

የኔታ የ62 ዓመት የቅኔ መምህር ናቸው። ስኳር የለባቸው፣ ደም ግፊት የለባቸው። ሐኪም ቤት የሚያውቁት ከዓመታት በፊት እግራቸውን ሲሰበሩ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ነው። አንድ ማታ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የቆጠሩትን፣ ማለትም የደረሱትን ቅኔ ይነግራሉ። የኔታ እንደ ወትሮው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንድ ጀማሪ ልጅ ጉባኤ ቃናውን ነገረ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ጀማሪ የሚነሳው ከዚያ ነው። የልጁ ሁለተኛ ቤት አልመታም። ሁሉም ሰምቷል። አንዳንዶቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አጎንብሰዋል። የኔታ ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጁ ሳይጨርስ ያቋርጡት ነበር። ያን ማታ ግን “ይበል!” አሉ።

“ሳቃችን እዚያው ደረቀ” አለኝ አስነጋሪው (የኔታን እየረዳ ተማሪዎቹን ቅኔ የሚያስነግረው ተማሪ) በኋላ ሲነግረኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ያረሙትን መልሰው ያርማሉ። ጥያቄ ሲጠየቁ ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ታኅሣሥ ላይ ሲነጋ የሚብስ ራስ ምታት ጀመራቸው። ሲራመዱ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ቤተሰቡ ጠበል ወሰዳቸው፤ ሁለት ሳምንት ተጠመቁ። በዚህ የምወቅሳቸው ነገር የለም። ጠበል ቦታው ላይ ሲወድቁ አይቶ “ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው” ያለው ራሱ አጥማቂው ነው።

እኔ ዘንድ የመጡት ከቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን ነበር። የተለመደውን ጠየቅኳቸው። “የኔታ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?” “እግዚአብሔር አብ” አሉኝ፤ ቀኑን በቅዱሱ ሲቆጥሩ ልክ ናቸው። ያሉበትን ቦታ አወቁ። ልጃቸውን አወቁ። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ቁጠሩ ስላቸው ትንሽ ዘገዩ እንጂ አልተሳሳቱም። ካርዱ ላይ “ንቃተ ህሊና ሙሉ” ብዬ ጻፍኩ። አስነጋሪው ከበሩ ጥግ ሆኖ “ዶክተር፣ የኔታ እኮ ጠፍተዋል” አለ። እሺ አልኩት። አልጻፍኩትም።

ምርመራው

ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው በመጠኑ ደክሟል። ዓይናቸውን በመሣሪያ ስናይ የዓይን ነርቩ መውጫ አብጧል፤ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ያሳያል። የኤችአይቪ ምርመራ ነጌቲቭ ነው። የደረት ራጅ ንጹሕ ነው። ደማቸው ደህና ነው።

ለሲቲ ስካን ባሕር ዳር ላክናቸው። በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ይዘው ተመለሱ። በቀኝ በኩል፣ ከአንጎል ውኃ ጓዳዎች ጎን፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘውን ድልድይ የነካ፣ ቀለም ሲሰጥ ወጥ ሆኖ የሚደምቅ ዕጢ አለ። ዙሪያው አብጧል። ወረቀቱ “ከፍተኛ ደረጃ ያለው ግሊዮማ ይመስላል፤ ሊምፎማም ሊሆን ይችላል” ይላል። ግሊዮማ ከአንጎሉ ከራሱ ሴሎች፣ ሊምፎማ ደግሞ ከመከላከያ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ ነው።

እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ አእምሮዬ ላይ የሚመጣው ቲቢ ነው። የአንጎል ቲቢ እንደ ዕጢ ሆኖ ይታያል። ኤችአይቪ ካለ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ይከተላል። ቀጥሎ መግል፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተ ካንሰር፣ ክፉው ግሊዮማ ግሊዮብላስቶማ እያልን እንወርዳለን። “ሊምፎማ” የሚለውን አነበብኩትና አለፍኩት። ለምን? የአንጎል ሊምፎማ የኤችአይቪ ሕሙማን በሽታ ነው ብዬ ይዤ ነበር። ኤችአይቪ ትልቅ አጋላጭ መሆኑ እውነት ነው። ግን መከላከያቸው ደህና የሆነ፣ ዕድሜያቸው 60ዎቹ ውስጥ ያሉ ሰዎችም ይይዛቸዋል። ፊልሙ ራሱ ይናገር ነበር። ወጥ ሆኖ የሚደምቅ፣ ከውኃ ጓዳው ጎን የተለጠፈ፣ ድልድዩን የሚሻገር ዕጢ ሲታይ ሊምፎማን መጠርጠር የትምህርት ቤት እውቀት ነው።

ዴክሳ

ያኔውኑ ዴክሳሜታዞን (ዴክሳ) የተባለውን እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ጀመርኩ። መጀመሪያ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊ ግራም። ዕጢ ዙሪያውን ያሳበጠ አንጎል ካየን እጃችን ወደ ዴክሳ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአንጎል ዕጢ ሕሙማንን ከሞት አፋፍ ሲመልስ የኖረ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ ፋርማሲያችን ውስጥ ሁልጊዜ አለ።

በሦስተኛው ቀን የኔታ ተነስተው ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ያለ ድጋፍ ሽንት ቤት ሄዱ። በሰባተኛው ቀን ማታ ተረኛ ነርሷ ደወለችልኝ። “ዶክተር፣ የኔታ አልተኙም፤ ዋርዱን በሙሉ ቀስቅሰዋል።” ስሄድ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አስነጋሪውን ሥላሴ የተባለውን የቅኔ ዓይነት ያስነግሩታል። ሦስተኛው ቤት ላይ አቋርጠው አረሙት። አስነጋሪው እያለቀሰ ይስቃል። የጎን አልጋው አስታማሚዎችም ተነስተው ይሰማሉ።

ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አሁን ሳስበው ግማሹ የዴክሳ ሥራ ነበር። ዴክሳ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትም ያነቃቃል። ሌላኛው ግማሽ ግን በጣም ሊያስጠረጥረኝ የሚገባ ነገር ነበር፤ እሱን አላየሁትም።

የአዲስ አበባው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ኪኒን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ቤተሰቡ ግማሹ “ጠበሉ ነው”፣ ግማሹ “መርፌው ነው” ይላል። አዲስ አበባ መሄዱን ሊተዉት ነበር። ልጃቸውን ቢሮዬ ጠርቼ አንድ ሰዓት ያህል አስረዳሁት፤ እብጠቱ ነው የቀነሰው፣ ዕጢው አለ አልኩት። በዚህኛው አልጸጸትም።

መሐል ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። የኔታ ከቅዳሴ በፊት ኪኒን አልውጥም ስላሉ በቀን አራት ጊዜ የነበረው ሁለት ሆነ። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጾም ሲመጣ የመድኃኒት ሰዓት አብሮ እንደሚቀየር እኛ ጋ ያለ ሐኪም ቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

“ካንሰር የለም” የሚለው ወረቀት

የካቲት ላይ መንገዱ ሲከፈት የአባይን በረሃ ወርደው አዲስ አበባ ገቡ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ኤም አር አይ ተነሱ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ አዲሱን ፊልም ከባሕር ዳሩ ጎን ሰቅሎ ቆመ። ዕጢው ከግማሽ በላይ ሟሟል። ያኔውኑ “ዴክሳ የወሰዱት ስንት ቀን ነው?” ብሎ ጠየቀ። የሪፈር ወረቀቴ ላይ መጠኑን እንጂ የጀመርኩበትን ቀን አልጻፍኩም። ልጃቸው በጣቱ ቆጥሮ ነገረው፤ 26 ቀን።

ቢሆንም ናሙናው ተወሰደ። የቀረው ይበቃ ይሆናል ተብሎ ነው። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ ሮጦ ደረሰ። “ዶክተር፣ ካንሰር የለም ይላል!”

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፦ አረፋ የመሰሉ ብዙ ማክሮፌጆች (ቆሻሻ የሚበሉ የመከላከያ ሴሎች)፣ በደም ሥሮች ዙሪያ የተበተኑ ቲ ሴሎች (ተዋጊ የመከላከያ ሴሎች)፣ የአንጎል ጠባሳ። አደገኛ ሴል አልታየም። ለትክክለኛ መልስ በቂ ናሙና አይደለም።

ልጃቸው ያነበበው ከመጨረሻው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ያነበብኩት እሱን ነበር።

እነዚህ ሴሎች እዚያ ምን ይሠራሉ?

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ የጉዳዩ ሆድ እዚህ ነው።

አንጎል ለረጅም ጊዜ ከሰውነት መከላከያ የታጠረ ቦታ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1948 በጥንቸል አንጎል ውስጥ የተተከለ የባዕድ ቆዳ በሌላ ቦታ እንደሚሆነው ቶሎ እንደማይጠቃ አሳየ። ሐሳቡ ከዚያ ጸና። አጥር በእርግጥ አለ። ግን በርም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የአይጥ አንጎል ሽፋን ላይ የመከላከያ ሴሎች የሚመላለሱባቸው የሊምፍ ቱቦዎች መኖራቸውን በግልጽ አሳይተዋል።

ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ ነዋሪ ዘበኞች አሉ። ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1919 ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። ፅንስ ገና በጠዋቱ፣ አንጎል ሲሠራ፣ ከአስኳል ከረጢት ተነስተው ገብተው እዚያው የሚቀሩ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው መቃኘት፣ ቆሻሻ መብላት፣ የተጎዳ ነገር ማንሳት ነው። ከደም የሚመጡት የሩቅ ዘመዶቻቸው ማክሮፌጆች ደግሞ ችግር ሲፈጠር ተጠርተው ይገባሉ።

ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአዋቂዎች ክፉ የአንጎል ካንሰር ተቆርጦ ቢታይ ከሴሎቹ ሲሶ፣ አንዳንዴም እስከ ግማሽ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። እነዚሁ ማክሮፌጆችና ማይክሮግሊያ ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ “ታዲያ ለምን አይበሉትም?” ይላል። ዕጢው ራሱ በኬሚካል ጠርቶ፣ ባሕሪያቸውን ቀይሮ፣ ለራሱ ያሠራቸዋል። ደም ሥር እንዲያበቅሉለት፣ ሌሎች ተዋጊዎችን እንዲያረጋጉለት፣ መንገድ እንዲጠርጉለት። ዘበኛው ከሌባው ጋር ማዕድ ቀርቧል ማለት ነው።

እውነተኞቹ ገዳዮች፣ ቲ ሴሎቹ፣ በግሊዮብላስቶማ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም የደከሙ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ብዙዎቹ አጥንት መቅኔ ውስጥ ታግተው እንደሚቀሩ አሳይቷል። በሌሎች ካንሰሮች ተአምር የሠሩት የቲ ሴልን ፍሬን የሚለቁ መድኃኒቶች እዚህ ያላዋጡት በከፊል ለዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኒቮሉማብ ለተመለሰ ግሊዮብላስቶማ በ369 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት ከነባሩ መድኃኒት በላይ ዕድሜ አልጨመረም። ፍሬኑን ብትለቀው መኪናው ውስጥ ሾፌር የለም።

ስለዚህ አንድ ናሙና ውስጥ ማክሮፌጅና ቲ ሴል መገኘቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ግሊዮብላስቶማ ጥግ ላይ ይገኛሉ። ቲቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ የአንጎል የቲቢ እባጭ ራሱ የመከላከያ ሴሎች ክምር ነው። ማይሊን የሚባለው የነርቭ ሽፋን ሲረግፍም ይገኛሉ። ሊምፎማ ውስጥም እንዲሁ።

ሊምፎማ ደግሞ ለብቻው ታሪክ አለው። እዚህ ዘበኛው ራሱ ነው የሸፈተው። የአንጎል ሊምፎማ በአብዛኛው ቢ ሴል ከሚባለው የመከላከያ ሴል የሚነሳ ካንሰር ነው። ከአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ከመቶ 3 ወይም 4 ገደማ ነው። የሸፈቱት ቢ ሴሎች በደም ሥሮች ዙሪያ እንደ እጅጌ ተጠምጥመው ያድጋሉ። ጤነኞቹ ቲ ሴሎችና ማክሮፌጆች ከበው ይቆማሉ።

አሁን ዴክሳ ይምጣ። ዴክሳ ግሊዮብላስቶማ ላይ የሚሠራው እብጠቱን መቀነስ ነው፤ ዕጢው ራሱ ያን ያህል አይሟሟም። ሊምፎማ ላይ ግን ሴሎቹን በቀጥታ ይገድላል። የሊምፍ ሴል ዴክሳ ሲያገኘው ራሱን የማጥፋት ባሕርይ አለው። ቀናት ውስጥ ዕጢው ከፊልም ላይ ሊጠፋ ይችላል። አልዳነም፤ የተረፉት ተደብቀው ቆይተው ይመለሳሉ። የሞቱትን ማክሮፌጆቹ ይበሏቸዋል፤ አረፋ የመሰሉት ሆዳቸው በሬሳ ስብ ስለሞላ ነው። ቲ ሴሎቹ ግን ይቀራሉ። ያን ሰሞን መርፌ የላከ ሐኪም የሚያወጣው ቀባሪዎቹንና ለቀስተኞቹን ነው። ሟቹን አያገኝም።

የኔታ ናሙና ይህ ነበር። ሰባተኛው ቀን ላይ ሥላሴ ሲያርሙ ማየት የነበረብኝም ይህንን ነበር። ያን ያህል ፍጥነት፣ ያን ያህል ለውጥ ከእብጠት መቀነስ ብቻ ሊመጣ ቢችልም፣ ቢያንስ “ፊልም ደግመን እናንሳ” ሊያስብለኝ ይገባ ነበር።

ዴክሳውን አቁሞ መጠበቅ

የአዲስ አበባው ቀዶ ሐኪምና ናሙናውን የመረመረው ፓቶሎጂስት ተነጋገሩ። ውሳኔያቸው፦ ዴክሳውን ቀስ በቀስ ቀንሶ ማቆም፤ ምልክቱ ሲመለስ ወይም ፊልሙ ላይ ዕጢው ሲያድግ እንደገና ናሙና መውሰድ። በድንገት አይቆምም። ሳምንታት ዴክሳ የወሰደ ሰው የራሱ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ማምረት ያቆማል፤ ድንገት ቢቆም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ለቤተሰቡ ማስረዳት የኔ ሥራ ሆነ። ከባዱም ይህ ነበር። “አባታችሁን ያነሳቸውን መድኃኒት እናቆማለን፤ በሽታው እስኪመለስ እንጠብቃለን” ማለት እንዴት ይባላል? ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ልጃቸው “መማሪያ ልታደርጓቸው ነው?” አለኝ።

በሦስተኛው የተሳካልኝ በአስነጋሪው ነው። ወረቀት ላይ ሥዬ የነገርኩትን ሰማና ወደ ልጃቸው ዞሮ “ሰሙን ነው ያገኙት፤ ወርቁ ገና ነው” አለ። ልጃቸው ዝም አለ። ከዚያ ፈረመ። እኔ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ያን ያህል ያጠረ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ከፋሲካ በኋላ ራስ ምታቱ ተመለሰ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፊልሙ ዕጢውን አሳየ፤ የቀድሞው ቦታ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሌላ አዲስ። ያለ ዴክሳ ናሙና ተወሰደ። በልዩ ማቅለሚያ ሲታይ በደም ሥሮቹ ዙሪያ የተጠመጠሙ ትልልቅ ሴሎች፣ ሲዲ 20 የተባለው የቢ ሴል ምልክት ያለባቸው። ግንቦት አጋማሽ ላይ ስሙ መጣ፦ የአንጎል ቢ ሴል ሊምፎማ። ከሌላ ቦታ የመጣ እንዳይሆን ደረትና ሆድ በሲቲ፣ የዘር ፍሬ በአልትራሳውንድ ታየ። ዓይናቸውም በዓይን ሐኪም ተመረመረ፤ ይህ ሊምፎማ ዓይን ውስጥ መደበቅ ይወዳልና። ሁሉም ንጹሕ ነበር።

ሕክምናው

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው፣ በከፍተኛ መጠን። ለመገጣጠሚያ ብግነት በሳምንት የሚሰጠው በሚሊ ግራም ነው፤ ለዚህኛው በግራም ይቆጠራል፤ አለዚያ የአንጎልን አጥር አያልፍም። ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ይገባል፣ ሽንቱ አሲድ እንዳይሆን ቢካርቦኔት ይሰጣል፣ በማግስቱ ጤነኛ ሴሎችን የሚያተርፍ ሉኮቮሪን ይከተላል። ሉኮቮሪኑ ከሌለ ሕክምናው መርዝ ነው።

አምስት ዙር ወሰዱ። ሁለተኛው ዙር ሉኮቮሪን ጠፍቶ 11 ቀን ዘገየ። ተማሪዎቹ፣ ያውም ራሳቸው ቆሎ እየለመኑ የሚማሩ ልጆች፣ ከየደብሩ አዋጥተው የከተማ ዘመዶች ገዝተው አመጡ። ሦስተኛው ዙር ላይ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬቲኒናቸው ከፍ አለ፤ መጠኑ ተቀነሰ።

በመጨረሻ ስለ ጨረር ክርክር ተነሳ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው የታወቀ ነው። ወረፋውን እንኳ ብንተወው፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነ ሰው መላ አንጎልን በጨረር መምታት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የማስታወስ ችሎታን ሊነጥቅ ይችላል። የኔታ ራሳቸው ተጠየቁ። “ቅኔውን ከወሰደው ምኔን ልታተርፉ ነው?” አሉ። ለጊዜው ቀረ።

የሠራውና ያልሠራው

ዴክሳውን አቁሞ መጠበቁ ሠርቷል። ቀዶ ሐኪሙ የዴክሳውን ቀን መጠየቁ ሠርቷል። ፓቶሎጂስቱ “በቂ አይደለም” ብሎ መጻፉ ከሁሉም በላይ ሠርቷል። “የነርቭ ሽፋን ብግነት” ብሎ ቢዘጋው ኖሮ የኔታ ተጨማሪ ስቴሮይድ ተሰጥቷቸው ቤታቸው ይሞቱ ነበር።

ያልሠራው የኔ ነው። ናሙናውን ለሚወስደው ቀዶ ሐኪም ሳልደውል ዴክሳ ጀመርኩ። የጀመርኩበትን ቀን በሪፈሩ ላይ አልጻፍኩም። አስነጋሪው የነገረኝን አልመዘገብኩም። ስቴሮይድ ከመጀመሬ በፊት የሆድ ትል ምርመራም አላዘዝኩም፤ እኛ አካባቢ ስትሮንጂሎይድስ ያለበት ሰው ላይ ስቴሮይድ ረጅም ጊዜ መስጠት ትሉን በመላ ሰውነት ሊያሰራጨው ይችላል። በዚህኛው ዕድለኛ ነበርን።

ለሚቀጥለው ሰው

ዴክሳ አትስጡ እያልኩ አይደለም። ታካሚው ንቃቱ እየወረደ፣ እያስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ እየሰፋ ከሆነ ስጡ፤ ናሙናው ይቆይ። ሕይወት ይቀድማል። ዴክሳ ወስደውም ናሙናቸው መልስ የሰጠ ብዙ ሕሙማን አሉ። የኔታ ግን ጥር 16 ማታ ያን ያህል አልተቸገሩም ነበር። አንድ ስልክ መደወል እችል ነበር።

አሁን እኛ ጋ የአንጎል ዕጢ የጠረጠርን እንደሆነ ዴክሳ ከመታዘዙ በፊት ካርዱ ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ “ሊምፎማ ሊሆን ይችላል ወይ?” እና “ለማን ደወልን?”። ከተጀመረ ቀኑና መጠኑ በሪፈሩ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰፍራል። አዲሶቹ ሐኪሞች ቀዩን እስክሪብቶ ይስቁበታል፤ ይሳቁ።

አንዲት ሌላ ነገር። የማስታወስ መጠይቃችን ቀን፣ ቦታና ስም ይጠይቃል። ለየኔታ ይህ ምንም አይደለም። የእሳቸው ሥራ ያልመታ ቤት መስማት ነው። ገበሬ ከሆነ ጥማድ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ነጋዴ ከሆነ መልስ እንዴት እንደሚቆጥር አብሮት የሚውለውን ሰው ጠይቁ። “ጠፍተዋል” ሲላችሁ ጻፉት፤ በራሱ ቃል።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ የናሙና ውጤት ላይ “አደገኛ ሴል አልታየም” የሚል ካለ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አስነብቡ። “በቂ አይደለም” የሚል ካለ መልስ አላገኛችሁም ማለት ነው።

አሁን ያሉበት

ጥቅምት ላይ መጥተው ነበር። ኤም አር አዩ ላይ የሚደምቅ ዕጢ አልታየም። ይህ ሊምፎማ ሊመለስ እንደሚችል ለራሳቸውም ነግረናቸዋል። ግራ እጃቸው አሁንም ትንሽ ይደክማል። በሳምንት ሁለት ማታ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ የቀረውን አስነጋሪው ይዞታል። አጫጭሮቹን ቅኔዎች፣ ጉባኤ ቃናና ዘአምላኪየ፣ ያርማሉ። መወድስ ሲደርስ ግን ስምንቱን ቤት እስከ መጨረሻ መያዝ ያቅታቸዋል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው አስነጋሪውን ያሳዩታል፣ እሱ ይቀጥላል።

ቀጣዩ ፊልም ጥር ላይ ነው። ባሕር ዳር ወይስ አዲስ አበባ የሚለውን መንገዱን አይተን እንወስናለን።